ሽቦው እንዳይነቀል

ሰኞ፣ ኖቬምበር 7፣ 2011
ፋሻውን አየሁለት። ደርቋል፣ ደም የለም። ከአባዬ አከርካሪ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ ወገቡ ላይ ከታሰረችው ሳጥን ጋር ተያይዟል። ሳጥኗ ኤሌክትሪክ ትልካለች፣ እግሩን ትነዝረዋለች፣ ሕመሙ በንዝረቱ ይሸፈናል። እስከ ዓርብ ሙከራ ነው። ከጠቀመው ቆዳው ሥር ይቀብሩለታል። ካልጠቀመው ይነቅሉታል።
መጎንበስ ክልክል። ካልሲውን እኔ አለብሰዋለሁ። የሳጥኗን ሪሞት ይዞ ቻናል ልቀይር ወይ ይለናል። እማዬ ሳቀች። ጀርባው ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ወዲህ ሲቀልድ ሰምቼው አላውቅም።

ማክሰኞ፣ 8
ማስታወሻዬ፣ ስሚ! አባዬ ከትራም ፌርማታው እስከ ቤት ሳይቆም መጣ። በፊት ሲያመው የሱቅ መስታወት የሚያይ መስሎ ይቆም ነበር። ሱቁ የሴቶች ዊግ ነው የሚሸጠው! ዛሬ ኋላ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ 9
ቴርሚን፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ነበረን። የጀርመንኛ አስተርጓሚዋ እንደ ሁልጊዜው እኔ። ዶክተሯ እንዴት ነዎት አለችው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ አለ። ተረጎምኩ። ሕመሙስ ከአሥር ስንት ነው? ሦስት። ወረቀቷን አየች። ከሙከራው በፊት አራት ብሏል። ለውጡ ትንሽ ነው፣ ዓርብም እንዲሁ ከሆነ እናወጣዋለን አለች።
አራት! ያኔ ትራስ ነክሶ ነበር የሚያድረው። በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። ግን አፌ አልከፈት አለ። ሰው ፊት የእሱን ቃል እንጂ የራሴን ተናግሬ አላውቅም።
ቤት ስንገባ እማዬ ጮኸችበት። «ለፓስተሩም ለሐኪሟም አንድ መልስ! እስቲ አንድ ቀን እንኳ አመመኝ በል!»


ሐሙስ፣ 10
ካልሲውን እያለበስኩት፣ ፊቱን ሳላይ ጠየቅኩት። ለምን አራት አልክ?
ስንት የባሰበት ሰው አለ፣ እየተራመድኩ ላማርር ወይ አለኝ። ቀጠለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ የምትተረጉሚው አንቺ ነሽ። ስምንት ብል መጀመሪያ የምትሰሚው አንቺ።»
ለእኔ ብሎ ነው። ለእኔ!
ስምንት እንደነበረ አውቃለሁ አልኩት። ጸጉሬን ዳበሰኝ። ንገሪያት አላለኝም። አትንገሪያት አላለኝም።

ዓርብ፣ 11፣ ጠዋት
ሐኪም ቤት። ተራ እየጠበቅን ነው። አባዬ የሰው ዕቃ ሊመልስ የመጣ መስሎ ተቀምጧል።
ወስኛለሁ። መጀመሪያ የእሱን መልስ እንዳለ እተረጉማለሁ። ከዚያ የራሴን እናገራለሁ። በጀርመንኛ ደጋግሜ አጥንቼዋለሁ፦ ዶክተር፣ አባቴ ሕመሙን የደበቀው ከእርስዎ አይደለም፣ ከእኔ ነው። አራት ያለው ስምንት ነበር።
በሩ ተከፈተ። ስማችንን እየጠ