የጆሞል አምስት ዓመት

ሜይ 11

የቀን ፈረቃ። ክፍሉ በበሽተኛ ሞልቶ ዋለ። እግሬ አብጧል። ቤት ስገባ ቢኖይ ሩዙን አሳርሮታል፤ ከላይ ከላዩ አንስቶ አቀረበልኝ። የባል ነገር... በላሁት።

ምሳ ሰዓት ላይ ጓደኛዬ ጆሞል ስልኳን አሳየችኝ። ከባሏ ከሳጂ ጋር የምትገዛው ቤት። ሦስት መኝታ፣ ጓሮ ያለው። "ኦክቶበር ብቻ ይድረስልኝ" አለች። "ቋሚ የመኖሪያ ፈቃዴን ላግኝ እንጂ ባንኩም ያምነኛል።"

ቆንጆ ነው አልኳት። መጋረጃው ግን ያስጠላል አልኩ። መጋረጃው እኮ የሻጮቹ ነው። ምን አገባኝ?

ሜይ 14

ዛሬ እኔና ጆሞል እንግሊዝ አገር፣ ደርቢ ከገባን አራት ዓመት ከሰባት ወር ሆነን። ከአገራችን ከሕንድ፣ ከኮቺ፣ በአንድ አውሮፕላን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው የመጣነው። መንገዱን ሙሉ ስታስመልስ ከረጢት የያዝኩላት እኔ ነኝ። አገር ቤት ኮታየም ነርስነት ስንማር አናቶሚን ከኔ እየገለበጠች ነው ያለፈችው። ይህን ሁሉ አሁን ለምን እጽፈዋለሁ?

ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው አምስት ዓመት ለሞላው ነው። ሂሳቡን እንደገና ሠራሁት። ሁለት ዓመት ከአራት ወር በራሴ የሥራ ቪዛ። ከዚያ ልጃችንን ስፀንስ ደም ግፊቴ ጨመረ፣ ሥራ ተውኩ፣ በቢኖይ የሥራ ቪዛ ሥር ጥገኛ ሆኜ ገባሁ። ዓመት ከሦስት ወር። ከዚያ የቢኖይ ፋብሪካ ተዘጋ። እኔ ተመልሼ በሥራ ቪዛ፣ እሱ በተራው የኔ ጥገኛ። ይኸው አንድ ዓመት። ድምሩ ከጆሞል ጋር እኩል ነው።

የሚቆጠርልኝ ግን ያ የመጨረሻው አንድ ዓመት ብቻ። ያማከርኳት ጠበቃ በደብዳቤ የጻፈችልኝ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል፦ የሠራተኛው አምስት ዓመት ለብቻው፣ የጥገኛው አምስት ዓመት ለብቻው። አንዱ ለሌላው አይደመርም። ከቀየሩ ከዜሮ።

ሦስት ዓመት ከሰባት ወር... ውሃ በላው።

ከቢኖይ በቀር ማንም አያውቅም። ለጆሞልም "ትንሽ ይዘገይብኛል" ነው ያልኳት። በክፍሉ አንደኛ የነበረች ሴት ዜሮ ላይ ነኝ ትበል?

እሷ አምስት ወር ቀራት። እኔ አራት ዓመት።

ሜይ 15

ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። ማን ያየዋል?

ሜይ 22

ጉድ ሰማሁ።

ሻይ ልንጠጣ ስንቀመጥ ጆሞል ወገቧን ይዛ አቃሰተች። በሽተኛ ስታነሳ ከተጎዳች ወዲህ እንዲሁ ናት።

"ልተወው ነው አንቺ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ሥራውን። ሳጂ አሁን የራሱ የሥራ ቪዛ አለው አይደል? በሱ ሥር ጥገኛ ሆኜ እገባለሁ። ወገቤን ላሳርፈው።"

"አምስት ወር ሲቀርሽ? ቋሚ መኖሪያውስ?"

"የቪዛ ወኪላችንን ጠይቀነዋል። እዚህ አገር የኖርሽው ሁሉ ይደመራል፣ ኦክቶበር ላይ ያው ነው አለ። ደሞ አንቺስ ቀይረሽ ምን ሆንሽ? ትንሽ ዘገየብሽ፣ በቃ።"

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲህ ልላት... ከዚያ ቤቱ ታየኝ። ጓሮው።

"ደስ ያለሽን አድርጊ" አልኳት። ሻዬን ጠጣሁ።

ቤት ገብቼ ዕቃ ሳጥብ እያዜምኩ ነበር። ቢኖይ "ዛሬ ምን አገኘሽ?" አለኝ። ምንም።

ሜይ 23

አልዋሸሁም። ዝም ማለት ውሸት ነው እንዴ? ባል አላት፣ ወኪል አላት፣ ደንቡ ኢንተርኔት ላይ ተጽፏል። እኔ ጠበቃዋ ነኝ?

ጁን 1

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እነጆሞል ቤት ምሳ። ካሳቫ በዓሣ ወጥ። ሳጂ ሞቅ ብሎታል። "በዚህ ሳምንት ማመልከቻዋን እናስገባለን! ከንግዲህ እኔ ነኝ የማኖራት" እያለ ይስቃል። ጆሞልም "አራት ዓመት ጥገኛዬ ስትሆን መች እንዲህ ጮህኩ?" አለችው። ሁሉም ሳቀ። ቢኖይ አልሳቀም፤ እኔን ያየኛል።

መኪና ውስጥ ጀመረኝ።

"አልነገርሻትም እንዴ?"

"እኔ ምን አገባኝ?"

"እህትሽ ማለት ናት ቴሲ።"

"እህቴ ናት፣ ስለዚህ እኩል እንሁና!"

ከአፌ አመለጠኝ። ቢኖይ "እኔ ለሳጂ ልንገረው?" አለኝ።

"ብትነግረው ከዛሬ ጀምሮ አላናግርህም። የኛን ዜሮ ለደርቢ ሁሉ ልታወራው ነው?"

"ይሄ ቅናት ይበላሻል።"

"ይብላኝ።"

ጁን 6

"አስገባን! ጸልዪልኝ" ብላ ጆሞል ላከችልኝ። እጅ የተጣመረበትን ምስል መለስኩላት።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ... ይላል እንዴ?

ጁን 9

ከሥራ ስወጣ ዝናብ። የጆሞል ልጅ ዲያና አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ቆማለች፣ ጫማዋ ርሷል። መኪናዬ ውስጥ አስገባኋት። የክርስትና ልጄ ናት፤ እንደ አክስት "አንቲ" ትለኛለች። ስትጠመቅ ያቀፍኳት እኔ ነኝ፣ አሁን አሥራ ሰባት ሞላት።

"ቴሲ አንቲ፣ ፋርማሲ ለመማር ዩኒቨርሲቲ ላመለክት ነው፣ ለሚመጣው ዓመት" አለችኝ።

"ጎበዝ።"

"እማዬ ቋሚ መኖሪያውን ስታገኝ ለኔም ይወጣልኛል። ያኔ የአገሬው ልጅ የሚከፍለውን ነው የምከፍለው። ካልሆነ ግን እንደ ውጭ ተማሪ... አባዬ ቁጥሩን ሲያይ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።" ሳቀች። "ግን ኦክቶበር ምን አላት? ደረሰች እኮ።"

መታጠፊያውን አለፍኩት። "አንቲ፣ ቤታችን እኮ በዚያ ነው" እስክትለኝ አላወቅሁም።

ስትወርድ ጉንጬን ሳመችኝ። ምን ሠራሁ? በማን ላይ ነው የሠራሁት?

ጁን 10

ነገርኳት።

የጠበቃዋን ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። ጆሞል ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፋ ጃክፍሩት የሚባለውን የአገራችንን ትልቅ ፍሬ ትፈለፍላለች። ሙጫው እንዳይጣበቃት እጇን እስከ ክርኗ ዘይት ቀብታዋለች።

"ማመልከቻሽን ስበሽ አውጪው" አልኳት፣ ሳልቀመጥ።

"የቱን?"

"የጥገኛውን። አይደመርም። የሠራሽው አራት ዓመት ከምናምን ይጠፋል፤ ከዜሮ ነው የምትጀምሪው።"

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

"አንቺ... ቅናት ነው አይደል? እንዳላርፍ ነው። ቤቱን ካሳየሁሽ ቀን ጀምሮ ፊትሽ ጠቁሯል። የማላይ መሰለሽ?"

"አዎ፣ ቀንቻለሁ። እሱ ሌላ ነው። ይሄን አንብቢ።"

እጇ ዘይት ስለሆነ እኔ ያዝኩላት። አነበበች። መልሳ አነበበች። ዓይኗ ወደ ላይ ሄደና ቀኑ ላይ ቆመ።

"ይሄ የዛሬ ዓመት የተጻፈ ነው።"

"አዎ።"

"ሻይ ስንጠጣ ስነግርሽ ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው ቴሲ። ቤቴ መጥተሽ በልተሻል። ጸልዪልኝ ብዬሻለሁ።"

ደብዳቤውን አጠፍኩት።

"ዛሬ ምን አመጣሽ ታዲያ?"

"ዲያናን ትናንት አገኘኋት..."

ራሷን ነቀነቀች፣ ቀስ ብላ። "ለዲያና ነው። ለኔ ብለሽማ አትመጪም ነበር።"

ውሸት ነው ልላት ፈለግሁ። ውሸት አልነበረም።

"ውጪልኝ" አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ጁን 13

ሳጂ ለቢኖይ ደወለለት። ገና አልተወሰነም ነበር፤ ማመልከቻውን ስበው አውጥተውታል። የሥራ ቪዛዋ እንዳለ ነው፣ የዓመታቱ ቆጠራም አልተቋረጠባትም። ስለ ወገቧ ለኃላፊዋ ነግራ እዚያው ሆስፒታል ወደ ተመላላሽ ክሊኒኩ አዘዋውረዋታል። እዚያ በሽተኛ አይነሳም።

እፎይ አልኩ። ከልቤ። ...ትንሽ ደግሞ ቆጨኝ። እዚህም ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ትንሽ ቆጨኝ።

ጁን 20

ለጆሞል ሦስተኛ መልእክቴ። አይታዋለች። አልመለሰችም።

ጁላይ 8

ቢኖይ "ጊዜ ስጫት" ይላል። የኔን ባል ማን ጠቢብ አደረገው?

ሴፕቴምበር 5

ኦናም ነው ዛሬ፣ የአገራችን የመኸር በዓል። በወተትና በስኳር የሚሠራውን የሩዝ ጣፋጭ ሠርቼ ትልቁን ሳሕን ሞልቼ ላክሁላቸው። ማታ ዲያና ሳሕኑን መለሰችው። ታጥቧል። ባዶ ነው። ጆሞል ባዶ ሳሕን መልሳልኝ አታውቅም። ሁልጊዜ አንድ ነገር ጣል ታደርግበት ነበር፣ ሙዝም ቢሆን።

"እማዬ ደህና ናት?" አልኳት።

"ደህና ናት አንቲ።" ዓይኔን አላየችኝም። ነግረዋታል ማለት ነው።

ኦክቶበር 14

ዛሬ አምስት ዓመት ሞላን። ለሷ።

ኦክቶበር 29

ቋሚ መኖሪያዋ ወጣላት። ከቢኖይ ሰማሁ። ሩዝ እያጠብኩ ነበር። ቆምኩና ጠበቅሁት፣ ያ የማውቀው ቅናት እስኪመጣ። ውሃው እየፈሰሰ ቆሜ ጠበቅሁት። አልመጣም።

"እንኳን ደስ አላችሁ በልልኝ" አልኩት።

"አንቺ ራስሽ አትነግሪያትም?"

ኖቬምበር 16

ጆሞል ዛሬ ወደኛ ክፍል መጣች። ፋይል ፈልጋ። ከጁን ወዲህ ፊት ለፊት ስንገጣጠም የመጀመሪያችን ነው። ከስታለች። ፀጉሯን ተቆርጣለች፣ ያምርባታል። ልነግራት አፌን ስከፍት፦

"ሲስተር ቴሲ፣ ያንን ፋይል ያቀብሉኝ።"

ያቀብሉኝ። ከአሥራ ስምንት ዓመታችን ጀምሮ "አንቺ" ስትለኝ የኖረች ሴት። አቀበልኳት። "አመሰግናለሁ" አለች። ክፉ ፊት አልነበራትም። ለማንኛዋም ነርስ የምታሳየው ፊት ነው።

አብራት ሊንታ የምትባል አዲስ ነርስ ነበረች፣ ከአገራችን ከኬራላ ከመጣች ስድስት ሳምንት የሆናት። እጇን ብብቷ ውስጥ ደብቃ ትንቀጠቀጣለች። ጆሞል ዞር ብላ "አንቺ ዕብድ፣ ሹራብሽን የት ጣልሽው? ኮቺ መሰለሽ?" አለቻትና የራሷን አውልቃ ደረበችላት። ቁልፉንም ራሷ ቆለፈችላት። ልጅቷ አንድ ነገር አለቻት፣ ጆሞል ያንን ሳቋን ሳቀች፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ። ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሄዱ።

ቤቱን ገዝታለች አሉ። ወረቀቱም በእጇ ነው። ይንሳት ሳይሆን ይባርክላት ብዬ ነው የምጽፈው፣ እውነቴን ነው።

በዚያች ልጅ ግን ቀናሁ። ኮሪደሩ ጫፍ ደርሰው እስኪታጠፉ ድረስ ቆሜ ያንን ሹራብ አየሁት።