ሦስት ጊዜ ደውሉ

ልጄ፣ ዓይኔ በማይደርስበት ሁሉ የእግዜር ዓይን አይለይህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከደረጃ ጋር ተጣልቷል። የአባትህን ኮት እህትህ ለሰው እንስጠው ብትልም እምቢ ብዬ በሩ ጀርባ ሰቅየዋለሁ።

ዛሬም ሐኪሞቹን ምርምር አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን፣ የምናጠናውን መድኃኒት ጀምረው ከቀጠሮ የቀሩት በሽተኞች ጋ ስንደውል ዋልን። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ተደውሎለት ካላነሳ፣ ከስሙ ትይዩ «ጠፍቷል» ተብሎ ይጻፋል። ቀልደኛዋ ተማሪዬ «መምህርት፣ ሦስቴ ደወልኩ፤ ልጻፍ?» አለችኝ። ሃያ ዓመት «ጻፊ» ስል ኖሬያለሁ።

«አንዴ ጨምሪ» አልኳት።

«ደንቡስ?» ብላ ሳቀች። ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

አባትህ ካረፈ ስምንት ወር ሆነው፤ አንተም ስልኬን ካላነሳህ ስምንት ወር። ሲታመም ባለመምጣትህ አፍረህ ከሆነ፣ እሱ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት «ፈቃድ ከልክለውት ነው እንጂ ልጄ አይጨክንም» እያለ ሲሟገትልህ ነበር።

ሳትበላ አትዋል። የወጣህበት በር በደህና የምትገባበት ይሁን። እኔ ከስምህ ትይዩ ያን ቃል አልጽፍም። እሑድ ከሰዓት እደውላለሁ። መናገር ካቃተህ አንሳና ዝም በል፤ ትንፋሽህን ሰምቼ እዘጋዋለሁ።

እናትህ