የእመቤታችን ተራ

ኦክቶበር 14
ዛሬ ተራው የኔ ነው። ጎረቤቴ ባዚሊሳ ሳጥኑን ይዛ መጣች... የእመቤታችን ምስል ያለበትን ትንሹን የእንጨት ሳጥን። እንደ ደንቡ ደፍ ላይ ቆማ "እመቤታችን መጥታለች" አለች። "በደህና ትግባ" አልኩ። ሻማ አበራሁ፣ የምስር ሾርባዬን በላሁ።

ድሮ ሳጥኑ በየቤቱ አንድ ቀን እያደረ ዞሮ እኔ ጋ እስኪመለስ ወር ይፈጅ ነበር። አሁን በመንደሩ ሦስት ቤት ቀረን፤ እኔ፣ ባዚሊሳና ያ ግትር ሴፌሪኖ። ሳጥኑን ከኔ ወስዳ እሱ ጋ የምታደርሰው ባዚሊሳ ናት። እኔና እሱ በመስኖ ውሃ ከተጣላን ወዲህ አንነጋገርም። ባሌ በሕይወት ሳለ ነው... የውሃው ተራ የኛ ነበር! ዛሬም ያንገበግበኛል።

ኦክቶበር 29
የባዚሊሳ ልጅ ከማድሪድ መጥቶ ሊወስዳት ነው። "ክረምቱን ብቻ እኮ ነው፣ አንቺዬ" ትላለች። ክረምቱን ብቻ... ስንቱ እንዲህ ብሎ ሄደ? ዶሮዎቿን ሰጠችኝ። ለክረምት የሚሄድ ሰው ዶሮውን ይሰጣል እንዴ? አልጠየቅኋትም።

"ሳጥኑን ለዚያ ሰውዬ ማን ያደርስልኛል?"

"እግር የለሽም?"

"እግርስ አለኝ። ያጣሁት አፍ ነው።"

"አፍሽንማ አገር ያውቀዋል!"

ሳቅን። ከዚያ ተላቀስን።

ኖቬምበር 2
ባዚሊሳ ሄዳለች። ቀኑን ሙሉ ሳመነታ ዋልኩ። እመቤታችንን ከተራ በላይ ማቆየት ነውር ነው፤ እናቴ ብታይ ምን ትለኝ ነበር? መሸት ሲል ሳጥኑን ይዤ እሱ ቤት ሄድኩ። ከፈተ።

"እመቤታችን መጥታለች።"

ኮፍያውን አወለቀ። "በደህና ትግባ።" ሳጥኑን ተቀብሎ በሩን ዘጋ። ይኸው ነው! ለዚህ ነው ልቤ እንዲያ የመታው?

ኖቬምበር 9
አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እኔ። ዛሬ ሲያቀብለኝ "ጉልበትሽ እንዴት ነው?" አለ። "ምን አገባህ?" አልኩት። አይ አፌ...

ዲሴምበር 6
በረዶ። ከዘራውን ተደግፎ መጣ። ሳጥኑን ሰጥቶኝ አልሄድ አለ።

"ያ ውሃ..."

"የቱ ውሃ?" አልኩ፣ እያወቅኩ።

"ተራው የባልሽ ነበር።"

ይህን ለመስማት ስንት ዓመት ጠበቅሁ! "ግባ፣ ሾርባ አለ" አልኩት። ሁለት ሳህን በላ። ጨው ያንሰዋል ደግሞ ይላል፣ ቀማኛ!

ጃንዋሪ 11
የኔ ተራ ነበር፣ አልመጣም። ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። ኮቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሳጥኑን በፎጣ ጠቅልሎ ታቅፎታል። ሊያመጣልኝ ሲል ነው... እጁ ቀዝቅዟል። ከጠባችን ወዲህ ስሙን ጠርቼው አላውቅም። ዛሬ ደጋግሜ ጠራሁት።

ጃንዋሪ 14
ቀበርነው። ከከተማ የመጡ ቄስ፣ ሁለት ቀባሪዎችና እኔ። ሳጥኑ እስከ ቀብሩ ከጎኑ ነበር፤ ዛሬ ወደ ቤቴ ወሰድኩት። ቄሱ "ሳጥኑን ከተማ ወስደን ሙዚየም እናስቀምጠው፣ እዚህ ማን ቀረ?" አሉኝ።

"ተራዬ ገና አላለቀም፣ አባ" አልኳቸው።

ጃንዋሪ 15
ተራዬ አለቀ። ሳጥኑን ይዤ ወጣሁ። በባዚሊሳ ደጅ፣ በሴፌሪኖ ደጅ አለፍኩ፤ የመንደሩን ምንጭ ዞሬ ተመለስኩ። የራሴን በር አንኳኳሁ።

"እመቤታችን መጥታለች" አልኩ።

ጠበቅሁ... በረዶው ይወርዳል።

"በደህና ትግባ" አልኩ ራሴው። ገባን።