የሁለት ቤት አንድ ግድግዳ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣ ለአቶ ቃለ ሕይወት፤ ከሐይቁ ማዶ፣ ደልጊ።

አባዬ፣ እንዴት ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ የጥርን ብርድ ቻለው? ባለፈው በስልክ እርስዎ "ማን ልበል?" እያሉ፣ እኔ "ማኅሌት ነኝ" እያልሁ ስጮህ ጎረቤት የተጣላሁ መስሎት ወጣ። ስለዚህ ወደ ደልጊ በጀልባ ለሚሻገር ሰው ይህን ጽፎ መስጠት ይሻላል አልሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አማችዎ ብሥራት ያው ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እያስተማረ ነው። የልጅ ልጅዎ ዜማም በቁመት እኔን ልትደርስ ምንም አልቀራት።

ሰፈራችንን አሁን ቢያዩት መንገዱ ይጠፋብዎታል። ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ ከየአገሩ የመጣው ሰው ሁሉ የአገሩን ቤት አሠራር ይዞ መጣ እያሉ ያጫውቱን ነበር። የጎንደሬዎቹ የድንጋይ መሠረት፣ የሐረሩ ሰውዬ ባለ መደብ ሳሎን፣ የወለጋዎቹ ሰፊ በረንዳ፣ ሁሉም ተራ በተራ ፈርሶ ብሎኬትና መስታወት ሆኗል። ከድሮው የቀረው የእኛና የእትዬ ወለላ ቤት ብቻ ነው። ሁለቱ ያው በአንዱ ግድግዳ ተደጋግፈው አሉ። እኛ ቤት ሲያስነጥሱ ዛሬም "ይማርህ" የሚባለው ከወዲያ ነው።

እንግዲህ ወሬው ስለዚያ ግድግዳ ነው። የእትዬ ወለላ ልጅ መልካሙ ቤታቸውን አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራ ተነሥቷል። ፕላኑን ይዞ መጥቶ አሳየን፤ ግድግዳው ይፈርስና በሁለቱ ቤት መካከል መተላለፊያ ይተዋል። በግድግዳው ላይ ያለችው፣ ሁለቱን ቤት የምታገናኘው ትንሿ በርም አብራ መሄዷ ነው። አባዬ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ከፋኝ። እኔ ስወለድ እናቴ፣ ነፍሷን ይማራትና፣ ታማ ጡቷ ደረቀ። እትዬ ወለላ መልካሙን ወልደው ገና አራስ ነበሩና በዚያ የክረምት ጭቃ ዞረው እንዳይመጡ ብላችሁ እርስዎና ባላቸው ጋሽ ማዳልቾ ናችሁ ግድግዳውን በስታችሁ በሩን ያወጣችሁት። ጡት የጠባሁት በዚያ በር ነው። እትዬ ወለላም ፕላኑን አይተው "በእኔና በማኅሌት መካከል ውሻ ሊተላለፍበት ነው?" ብለው ልጃቸውን ሦስት ቀን አኮረፉት።

ከጥምቀት በኋላ መልካሙ ግንበኛ አምጥቶ ቋሚዎቹን ለማየት በእኛ በኩል ምርጊቱን አስነሣ። ጭቃው ሲረግፍ እርስዎ በምስማር የመቱት የባሕር ዛፍ ማገር ወጣ። እሱ ሲነቀል ደግሞ ከሥሩ እንደ ቅርጫት የተጠለፈ ቀርከሃ ተገኘ። ግንበኛው "ለአንድ ግድግዳ ሁለት ማገር በዕድሜዬ አላየሁም" ብሎ ቆሞ ቀረ። እትዬ ወለላ ሳቅ ይዟቸው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

እሳቸው እንደነገሩን፣ ለካ ቤቱን ስትሠሩ አንዳችሁ የቀን፣ አንዳችሁ የማታ ፈረቃ ሆናችሁ አትገናኙም። ጋሽ ማዳልቾ በአገሩ በጋሞ ደንብ ከእንጅባራ ያስመጣውን ቀርከሃ ጠልፎ ይሄዳል። እርስዎ ከፋብሪካ ሲወጡ ምስማር ያጡበትና "ይኼ ሰው ሸማ መሰለው እንዴ?" ብለው በላዩ ማገር ይመታሉ። እሱ ደግሞ ሲመጣ ሥራው ደካማ ነው ብለው ያሳነሱት ይመስለውና በወዲያ በኩል ይደርባል። ፈረቃው ተቀይሮ እስክትገናኙ ድረስ ግድግዳው የምሽግ ያህል ወፍሮ አረፈው። እንደ እርስዎ የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው መዶሻ ሲይዝ እንዲህ ነው! ይህን ሁሉ ዘመን ዝናብ ያልገባብን በእናንተ አለመግባባት መሆኑን ለምን ሳይነግሩን ኖሩ?

መልካሙ ግን አልሳቀም። የአባቱን ጥልፍ ከዳር እስከ ዳር በእጁ ዳበሰው። በማግሥቱ ፕላኑን አስቀይሮ መጣ። መተላለፊያው ቀርቷል፤ ለሁለታችን አንድ የብሎኬት ግድግዳ፣ በመካከሉም በር። አሮጌው ግድግዳ ግን መፍረሱ አይቀርም፤ የቋሚዎቹን እግር ምስጥ ጨርሶታል፣ ክረምቱን አይሻገርም። ቤታችን በስምዎ ነውና እርስዎ እሺ ካላሉ ምንም አይሆንም። እትዬ ወለላማ ፊርማም አይበቃቸውም። "ከማዳልቾ ጋር ያቆመው ሰው ቆሞ ሳያይ አንድ ምስማር አይነቀልም" ብለዋል።

ከጋሽ ማዳልቾ ተዝካር ወዲህ ሐይቁን እንዳልተሻገሩ አውቃለሁ። የወዳጅዎን ደጅ ባዶውን ማየት እንደሚከብድዎም አይጠፋኝም። እኔንም ይከብደኛል። ነገር ግን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል፣ የሩቁ ዘመድ እርስዎ እንዲሆኑብኝ አልፈልግም። ዝናብ ሳይጥል ይምጡልኝ።

ግንበኛው ማገሩን ነቅሎ የከፈተው ቀዳዳ አሁን በሬ ያሳልፋል፤ እትዬ ወለላ አንሶላ ጋርደውበታል። ሆኖም ጧት ጧት ወደኛ ሲመጡ ከጎኑ ያለችውን ትንሿን በር አንኳኩተው "ቤቶች!" ብለው፣ ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡ። አንድ ቀን በዚህ ቢገቡ ምን አለበት ብላቸው "ሌባ ነኝ እንዴ በቀዳዳ የምገባ? በር እያለኝ?" አሉኝ።

አክስቴን የሺመቤትን እንደምን ነሽ በሉልኝ፤ የላከችው የደረቀ ዓሣ ደርሶናል። ልጇን ክንዱን፣ ሚስቱንም ሰላም በሉልኝ፤ ሲመጡ ጀልባው ድረስ እሱ ይደግፍዎ። ብሥራት እጅ ይነሣል። ዜማ ጉልበትዎን ትስማለች። መልካሙም አባባ እንዴት ናቸው ይላል። እትዬ ወለላን ሰላምታ ልጻፍልዎ ወይ ብላቸው አይሆንም አሉኝ፤ "ሲመጣ በእኔ ቤት ዞሮ በበራችን ይግባ በይው" ነው ያሉኝ።

ልጅዎ ማኅሌት ቃለ ሕይወት
ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
ጥር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.