ብዙ አትጠይቂያት

ለእማማ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ይዞዎታል? መነጽርዎንስ አስቀየሩት ወይስ ዛሬም ያንኑ በክር የታሰረውን ነው የሚያደርጉት? እኔ ደህና ነኝ፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ፀጉሬ ከፊት በኩል ከመሸበቱ በቀር ጤናዬም ልቤም ሙሉ ነው። ዘጠኝ ዓመት አንዲት መስመር ሳልጽፍልዎት ቆይቼ ዛሬ ድንገት ደብዳቤ ይዤ ስመጣ ይገርምዎት ይሆናል። ወይም ጭራሽ አይገርምዎትም። እንዲያውም ሲጠብቁኝ የሰነበቱ ይመስለኛል።

አስቀድሜ ስለ ሥራዬ ላውራዎት። እሱን ካላወቁ የቀረው ግልጽ አይሆንልዎትም። ቢሮአችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች፣ ሁለት ክፍልና አንድ ሰፊ መስኮት ያላት ናት። ከሥሯ የጫማ መደብር አለ። ወደ እኛ የሚመጡት ሴቶች ለሚያያቸው ሰው ጫማ ሊገዙ የገቡ ይመስላሉ። ማንም አስቦበት ያደረገው ነገር አይደለም፣ ግን ስንቷን አትርፎልናል። የተደበደበች፣ የተደፈረች፣ ልጇን አቅፋ ከቤት የወጣች ሴት ትመጣለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ጠበቃም ፖሊስም አይደለሁም። ሐኪሙን፣ ጠበቃውን፣ ፖሊሱንና የመጠለያዋን ኃላፊ ማገናኘት ነው ሥራዬ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? የእኛ ድር የሚያብረው ስብሰባ ላይ ብቻ ነበር።

ስጀምር ክሊኒኩ «መጀመሪያ የፖሊስ ወረቀት አምጪ» ይላታል። ጣቢያው ደግሞ «መጀመሪያ የሐኪም ወረቀት» ይላታል። እሷ ስትመላለስ ቁስሏ ይሽራል። ከሻረ በኋላ «ታዲያ ምን ማስረጃ አለሽ?» ትባላለች። አንድ ቀን የክሊኒኩን ኃላፊ፣ የጣቢያውን አዛዥና ዐቃቤ ሕጓን ጠራኋቸውና ስብሰባ የለም፣ በእግር ነው የምንሄደው አልኳቸው። አዛዡን በግዙፍነቱ «ተራራው» ነው የምንለው። የእሱን ቀኝ እጅ በሻሽ አንገቱ ላይ አሰርኩና «ዛሬ አንጓዋ የተሰበረ ሴት አንተ ነህ፣ ምራን» አልኩት። ደረጃ ወጣ፣ ወረደ፣ ተሰለፈ፣ ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ። ሰባተኛው በር የዐቃቤ ሕጓ የራሷ ቢሮ ነበር። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው «አለቃ የሉም፣ ነገ ይመለሱ» አለችው። አለቃዋ ከኋላው ቆማለች! መጀመሪያ ሁላችንም ሳቅን። ቀጥሎ ማንም አልሳቀም። በዚያው ሳምንት ተፈራረምን። ሕክምናው ይቀድማል፣ ወረቀት አይጠየቅም። አንዲት ሴት ፖሊስ ራሷ ወደ ክሊኒኩ ትመጣለች። ሴትዮዋ ታሪኳን አንዴ ብቻ ትናገራለች፣ ሌሎቻችን እናነባለን። ስሜ በጋዜጣ ባይወጣም እኮራበታለሁ፣ እማማ። ለማን ልኩራበት፣ ለእርስዎ ልኩራ እንጂ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አንዲት ወጣት ሽንኩርት የሞላ ፌስታል አንጠልጥላ ገባች። ወደ ገበያ ብላ ነው ከቤት የወጣችው። ወንበር ሰጠኋት፤ በአንድ ጎኗ ብቻ ነው የተቀመጠችው። ሳልጠይቃት ከሽንኩርቱ መሃል የታጠፈች ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። እንዲህ ትላለች፦ «ይህችን፡ልጅ፡ተቀበያት። ብዙ፡አትጠይቂያት። በቤት፡ስትጠየቅ፡የኖረች፡ናት።» ፊርማ የለባትም።

ፊርማ ምን ያደርግላታል? በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ የሚያስቀምጥ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠላሳ ዓመት የጻፈች እጅ ካልሆነች በቀር። ወረቀቷን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩና ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ልጅቷ የተቆጣሁ መስሏት «ልሂድ እንዴ?» አለች።

እማማ፣ ቂሜን ሳልነግርዎት ብቀጥል ደብዳቤው ውሸት ይሆንብኛል። የልጅዎ ሚስት ሆኜ በቤትዎ በኖርኩባቸው አራት ዓመታት ሁለት ጊዜ ወደ ክፍልዎ መጥቼ ነበር። በመጀመሪያው «ቻይው፣ ይበርድለታል» አሉኝ። በሁለተኛው ከንፈሬ ተሰንጥቆ ነበር፤ «ሰው እንዳይሰማ» ብለው ተነሥተው መስኮቱን ዘጉ። ከዱላው ይልቅ የመስኮቱ ድምፅ ነው ጆሮዬ ውስጥ የኖረው። ስወጣ ከእሱ ይልቅ እርስዎን ጠልቼ ወጣሁ። ከእሱ ምንም አልጠበቅሁም ነበር። ከእርስዎ ግን ጠብቄ ነበር። ቂሙ ዛሬ ጠፍቷል ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ያቺን ወረቀት ካየሁ ወዲህ ስፈልገው ቶሎ አላገኘውም።

ልጅቷ ስለ ሰማያዊው የግቢ በር፣ ስለ ጠባቡ ደረጃ፣ እዚያ ደረጃ ላይ ስለሚሰማ ኮቴ መናገር ስትጀምር ከእኔ በኋላ የገባችው ምራትዎ መሆኗ ገባኝና ብዕሬን አስቀመጥኩ። የምታውቂውን ሰው ጉዳይ አትያዢ ይላል ደንባችን፤ ደንቡን ያረቀቅሁትም እኔ ነኝ። «ዝምተኛዋ» የምንላትን ባልደረባዬን ጠራሁና ለልጅቷ አስረዳኋት። ታሪክሽን የማልሰማው ስላልፈለግሁ አይደለም፣ ስለማውቀው ነው፤ እሷ ትሰማሻለች፣ እኔ ደግሞ የትም አልሄድም አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ በቀስታ «ያቺ ያበደችው አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ለካ በዚያ ቤት አብዳ ሄደች ተብዬ ኖሯል! «አዎ፣ ያበድኩት እኔ ነኝ» ስላት ሳቋ አመለጣት፣ ወዲያው ጎኗን ይዛ አቃሰተች። እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬም አብሮ መጣ።

ቢሮዬን እንዴት እንዳገኙት የነገረችን እሷ ናት። በራዲዮ የሴቶች ዝግጅት ላይ ስናገር ሸሚዝ እየተኮሱ ነበር አሉ። ድምፄን ሲሰሙ ካውያውን ረስተውት የሸሚዙ ደረት ተቃጠለ። የማን ሸሚዝ እንደሆነ ሳስበው እስከዛሬ ፈገግ እላለሁ።

በአርባ ደቂቃ ውስጥ ክሊኒክ ገባች። ወረቀት አምጪ ያላት የለም። ሁለት የጎን አጥንቶቿ ተሰንጥቀዋል። ፖሊሷ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ ቃሏን ተቀበለች። ከቀትር በኋላ መጠለያ ነበረች፤ የት እንደሆነ ለእርስዎም አልነግርዎትም። በአራተኛው ቀን ፍርድ ቤቱ ልጅዎን እንዳይቀርባት አገደው። ያም ሆኖ «ከደረጃ ወድቃ ነው» ብሎ ካደ፤ በዋስም ተለቀቀ። ዐቃቤ ሕጓ ታዲያ ከዚህ በፊት ከዚያ ደረጃ የወደቀች ሌላ ሴት ትኖር ይሆን ብላ ጠየቀች።

ዝምተኛዋ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ከጠረጴዛው ወዲህ ተቀምጬ ነው የኖርኩት። በማግስቱ ዞሬ ከወዲያ በኩል ተቀመጥኩና ቃሌን ሰጠሁ። ቅጹን ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ፣ ጥያቄዎቹንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ዘጠነኛው ጥያቄ «ከዚህ ቀደም ለምን አላመለከቱም?» ይላል። ስንቷን ሴት በለስላሳ ድምፅ ጠይቄበታለሁ! እኔ ስጠየቅ ግን አንደበቴ ተሳሰረ። ዝምተኛዋም ስሟ ነውና ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ተናግሬ ስጨርስ ከወንበሩ ቀለል ብዬ ተነሣሁ። ዘጠነኛውን ጥያቄ በዚያው ቀን ሰረዝኩት። ፍርድ ቤት እቀርባለሁ፤ አልፈራም። ይህን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

ልጅቷ እንድነግርዎት የፈቀደችልኝን ያህል ነው የምነግርዎት። «ለእማማ ደርሻለሁ በይልኝ» ብላለች። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ በቀደም ለት ከወጥ ቤት ስትዘፍን ሰምተናታል፤ ድምፅ እንኳ የላትም። መጠለያ በገባች በሳምንቷ ግን ኃላፊዋን «እዚህ የዕድሜ ገደብ አለ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ስለ ራሷ መስሎን «በሃያ ስድስት ዓመትሽ ምን አስጨነቀሽ?» ብለን ቀለድንባት። ስለ ራሷ አልነበረም። በሙቀቱ ወር እጅጌዋ እስከ አንጓዋ የሚደርስ ሹራብ ስለምትለብስ ሰው ነበር የምትጠይቀው። ስትጠየቅ ቁም ሣጥኑ ገጭቶኝ ነው ስለምትል። አሁን ደግሞ ያ ሰው በዋስ ተለቆ ወደዚያው ቤት ተመልሷል፤ ወደ እኛ ማን መራት እያለም ይጠይቃል አሉ።

የዕድሜ ገደብ የለም፣ እማማ።

ይህን ደብዳቤ የሰጠችዎት ሴት ልብስ ሰፊ ናት። ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ የቀሚስ ልኬት ልትወስድልዎት ትመለሳለች። በዚያ ሰዓት ማን ቤት እንደማይኖር እናውቃለን። መኪና ከማዞሪያው ይቆማል። አብረዋት መውጣት ከፈለጉ መድኃኒትዎንና መታወቂያዎን ብቻ ይያዙ። ለማንም ማስረዳት የለብዎትም፤ ልጅዎንም ይክሰሱ የሚልዎት የለም። ካልፈለጉ ደግሞ ልኬቱን ወስዳ ትሄዳለች። በሚቀጥለው ሐሙስ ጨርቅ ልታሳይዎት ትመጣለች። ከዚያ ልታስለካዎት፣ ከዚያ ልታጠብበው፣ ከዚያ ልታሰፋው። አንድ ቀሚስ ስንት ወር እንደሚፈጅባት አያውቋትም!

አልጋው ከታች ነው፣ መሰላል አይወጡም። መጠለያው ውስጥ ስማቸውን መጻፍ የሚፈልጉ ሦስት ሴቶች አሉ። አንዷ የእርስዎ እኩያ ናት። ደብተር ገዝተን ሰጥተናቸዋል፣ እስካሁን ግን የሚያስተምራቸው አላገኘንም።

አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን ያቃጥሉት። ዕድሜውን ከጤና ጋር ያድልዎት። የሚወጡበትን ደጅ ያቅናልዎት፣ የሚገቡበትንም የሰላም ያድርግልዎት። እግርዎን እንቅፋት አይንካው።

ሴቷ ልጅዎ