የሰባት ሰዓቱ ደንብ

እሑድ፣ ግንቦት 10። ከንጋቱ 11፡30
ሁለት ዙር ቀረን። የማሠለጥናቸው ስድስቱም ልጆች መጥተዋል፤ ሆዳን እንደ ወትሮዋ ከፊት ናት። በጅቡቲ በዚህ ሰዓት ያልሮጠ ቀኑን ሙሉ አይሮጥም።

ጠዋት 3፡00
ማስታወሻዬ፣ ጉድ ስሚ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደብዳቤ ተለጥፏል። ልጆቹ ንጋት ላይ ሮጠው ክፍል ውስጥ ስለሚያንቀላፉ ልምምድ ከነገ ጀምሮ ቀትር ላይ፣ በ7 ሰዓት ብቻ! ያውም የአስተዳደር ሰው ሜዳው ላይ በአካል ካልተገኘ ክልክል። አንድ ቀን የቀረ ቡድን ይፈርሳል። የፈረመው የአስተዳደር ኃላፊው ሙሴ ዋይስ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፣ የቀትሩን እሳት ያውቃል። «ዝጉት» ማለት አፍሮ በፀሐይ ሊያዘጋን ነው።

ሆዳን በነፃ የምትማረው ስለምትሮጥ ነው። እናቷ ሀራሙስ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ቡድኑ ከፈረሰ ትምህርቷም አበቃ።

ሰኞ፣ 11
ልጮህበት ጽ/ቤቱ ድረስ ሄድኩ። አልነበረም። ደብዳቤውን ቁጭ ብዬ ደግሜ አነበብኩት። በ7 ሰዓት የአስተዳደር ሰው? እዚህ አገር? ጫት ከድሬዳዋ በሚገባበት ሰዓት? ጽ/ቤቱ ውስጥ ያሉት እሱና ጸሐፊዋ ብቻ ናቸው፤ እሷ 6፡30 ላይ ልጆቿን ልታመጣ ትወጣለች። ሳቄ አመለጠኝ፤ ሜዳው ላይ መቆም ያለበት ራሱ ነው፣ ካልመጣ ደንቡን ያፈረሰው እሱ እንጂ እኛ አይደለንም።

ልክ በ7 ሰዓት በሩን አንኳኳሁ። በሰባራ ፈረንሳይኛዬ ተዘጋጅተናል፣ የምንጠብቀው እርስዎን ነው አልኩት። ፊቱን ብታዪው! መጣ።

ማክሰኞ፣ 12
ዛሬም አንኳኳሁ። ዛሬም መጣ። ልጆቹን በዚህ ሐሩር አላስሮጥም፤ በግንቡ ጥላ ሥር ማፍታታት ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ስልኩ ይጮሃል። ጓደኞቹ በርጫ ተቀምጠዋል። ዘበኛው አደን ጥሩው ጫት አሁን አለቀ እያለ ጆሮው ሥር ያንጎራጉራል። ሰውየው ላብ በላብ። አሳዘነኝ፣ ውኃ ሰጠሁት። አመስግኖ ጠጣ።

ግን ፈራሁ። እልህ ይዞት ጭራሽ ቢዘጋንስ?

ረቡዕ፣ 13
ሰውየው ዛሬም መጣ፤ ግን መጥፎ ቀን። ሆዳን ይህ ሁሉ ጣጣ ለእኔ ትምህርት ሲባል ከሆነ ሩጫውን ልተው አለችኝ። ጮህኩባት። ከዚያ አቅፌያት ቆምኩ። እኔም በሷ ዕድሜ ልተው ብዬ ነበር፤ ማንም አልጮኸብኝም።

ሐሙስ፣ 14። ከሰዓት 7፡20
ተፈረመ! አዲስ ደብዳቤ ይዣለሁ። ሰውየው ገና ሳላንኳኳ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ልምምድ እንደ ድሮው ንጋት ላይ፤ በአስተዳደር ሰው ፋንታ ተቆጣጣሪዋ እኔ ራሴ። የሜዳውን ቁልፍም ሰጠኝ። አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፦ «ማዳም፣ ከእንግዲህ በዚህ ሰዓት በሬን አታንኳኪብኝ።» ከዚያ ወደ መኪናው። እንዲህ የሚፈጥን ሰው ቡድኔ ውስጥ የለኝም።

ተመስገን። እየሳቅኩ አለቀስኩ። ለሆዳን ስነግራት መሬት ላይ ዝርፍጥ አለች።

ማታ 1፡00
ካርቲየ 2፣ ቤቴ። ቀለል ብሎኛል። እውነቱን ላንቺ ልንገርሽ፣ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ። በዚህ ሰውየው አልዋሸም። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ቀድመን እንጨርሳለን፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ቁርስ ቀምሰው ይግቡ።

የሜዳውን ቁልፍ ደግሞ አስቀርጫለሁ፣ ሁለት አድርጌ። እሑድ ንጋት እኔ ሆን ብዬ እዘገያለሁ። በሩን ሆዳን በራሷ ቁልፍ ትክፈተው።