ስለ ታሰሩት ሁለት አምፖሎቼ

አሰላ፣ ነሐሴ ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ለክቡር የመኪና ጉዳይ ሹም፤

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም ጠረጴዛዎ ላይ እንደ ተከመሩት አቤቱታዎች ማንም የማይነካው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

የምጽፍልዎ ስለ ቀላል ጉዳይ ነው። የመሥሪያ ቤትዎ ዶሮዎች ግቢዎ ውስጥ በታሰረችው ላንድሮቨሬ መቀመጫ ላይ እንቁላል መጣል ጀምረዋል። መቀመጫው የእኔ ስለሆነ ከእንቁላሉ ድርሻዬ እንዲታሰብልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ዶሮዎቹ ያለ ፈቃድ ወደሚገቡባት መኪና እኔ ባለቤቷ እንዳልገባ ስለ መከልከሌ ግን፣ ከፈቀዱልኝ፣ ጥቂት ልዘርዝር።

፩ኛ. በሰኔ ወር ባወጡት ትእዛዝ፣ በጉም ጊዜ የሚነዳ ሁሉ የፊት መብራቱን በባለ ትልቅ ዋት አምፖል እንዲለውጥ አዘዙ። ለአሳቢነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አምፖሎቹን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ በነባሩ ሽቦ ላይ ብሰካቸው፣ ቀጭኑ ሽቦ ያን ያህል ኃይል መሸከም አቅቶት ጋለ፤ ከመሪው ሥር ያለው ማብሪያም እንደ ሰም ቀለጠ። ባለቤቴ ብርቄ ጢሱን አይታ «አንተ ሰው፣ መኪናዋን ልታበራት ነው ልታጥናት?» አለችኝ።

፪ኛ. ትምህርት ቤት ባልገባም ከተቃጠለ ሽቦ ተምሬ፣ ከባትሪው በቀጥታ ወፍራም ሽቦ ሳብኩ፤ መሃሉ ላይ ፊውዝ አስገባሁ፤ ሪሌ የሚሏትንም ትንሽ ሣጥን አሰርኩ። አሁን ማብሪያው ሣጥኗን ያዛል እንጂ ኃይሉን አይሸከምም። ማዘዝና መሸከም ለየቅል መሆናቸውን ክቡርነትዎ ከማንም በላይ ያውቁታል።

፫ኛ. በዚያው ሳምንት ኢተያ አጠገብ መንገድ ላይ ተገናኘን። መብራቴ ዓይንዎን ወጋዎትና መኪናዎ ስንዴ ማሳ ውስጥ ገባ። በማግሥቱ ላንድሮቨሬ «ከመጠን በላይ በማብራት» ተከስሳ ታሰረች። መብራቱን ወደ መሬት ዝቅ ላድርገው ብል፣ ትንንሾቹ አምፖሎች ካልተመለሱ አትፈታም ተባልኩ፤ ትንንሾቹን ደግሞ የሰኔው ትእዛዝ ይከለክላል። ይሁን ብዬ ልለውጣቸው ብመጣም ወደ ግቢው መግቢያ ወረቀት ያስፈልጋል። ጸሐፊዎ አቶ ፈቃደ «ጋሼ ሣህሌ፣ ወረቀቱ የሚሰጥዎ መኪናዋ ስትፈተሽ ነው፤ መኪናዋ የምትፈተሸውም ወረቀቱ ሲኖርዎት ነው» ሲለኝ ሳይስቅ ስለ ጨረሰው ደመወዝ ይጨመርለት። እኔም ነገሩ እስኪታይ ከከተማው እንዳልወጣ አስፈርመውኛል።

፬ኛ. ይህ ሁሉ ቀልድ ሆኖ ቢቀር ደስ ባለኝ። የእህቴ ልጅ አልጣሽ ጎበሳ ላይ መውለጃዋ ደርሷል። እግሯም ፊቷም አብጧል፤ የዚያው ጤና ጣቢያ ድሬሰር «አሰላ ሐኪም ቤት ሄዳ ካልወለደች እኔ የለሁበትም» ብሏል። አጎትሽ መጥቶ ይወስድሻል ብዬ መልእክት የላክሁላት እኔ ነኝ። በዚህ ክረምት የጎበሳን ጭቃ የሚደፍር ሌላ መኪና የለም። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ አምፖሎቹን ይውሰዷቸው፤ ሽቦውንም ይንቀሉት፤ የሚነዳትንም ሰው እርስዎ ይምረጡ፤ መኪናዋን ግን ለሁለት ቀን ብቻ ቢፈቱልኝ…

በር ተመታ።

የጎበሳው ባለ ሱቅ ከሊል ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። ከኋላው ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ቆመዋል። «ጋሼ፣ ብንጠብቅ ብንጠብቅ ቀሩብን፤ እኛው ይዘናት መጣን» አለኝ። አልጣሽ ትናንት ማታ መንገድ ላይ፣ ጉም ውስጥ ወልዳለች። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እሷ ግን ስጠራት የምትመልስልኝ በዓይኗ ብቻ ነው። ቃሬዛውን አጅቤ ወደ ሐኪም ቤት ልሄድ ስለሆነ ምስጋናዬን ሳልጨርስ አቆማለሁ።

ባዘዙት ጊዜ ያበራ፣ ባዘዙት ጊዜ የጨለመ፣
የክቡርነትዎ ትሑት አገልጋይ
ሣህሌ ገብረ መድህን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሕፃኑ የተወለደው ከሊል በያዘው በአንድ ፋኖስ ብርሃን ነው። ብርሃኑ ከትእዛዝዎ በላይ ይሁን በታች ስላላወቅሁ፣ ፋኖሱን ለምርመራ ይዤ ከሐኪም ቤቱ ደጃፍ ተቀምጫለሁ። አልጣሽ አፏን እስክትፈታ ድረስ ከዚህ አልነሣም፤ መጥተው ይለኩት።